የሚቆጠረውና የማይቆጠረው፦ የመንገድ መጨናነቅ ስሌት አጭር ታሪክ

ቁጥር አይዋሽም ይባላል። እውነት ነው፤ ቁጥር በራሱ አይዋሽም። ይሁን እንጂ ቁጥር ራሱን አይቆጥርም፤ ቆጣሪ አለው። ቆጣሪው ደግሞ ገና እርሳሱን ሳያነሣ ምን እንደሚቆጠርና ምን እንደማይቆጠር ተነግሮታል። የነገረው ማን ነው? በምን ሥልጣን? የሚለው ጥያቄ፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከፖለቲካ ጥያቄዎች ሁሉ እጅግ የተዘነጋው ነው።

በሀገራችን ፖለቲካ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ምርጫ፣ ፓርቲ፣ ሕገ መንግሥትና ሹም ሽር ነው። ዛሬ ላነሣው የወደድኩት ግን አንዲት ተራ ማካፈል ናት። የመንገድ መሐንዲሶች መንገድ ሲያቅዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልፈውን የተሽከርካሪ ብዛት መንገዱ ሊያስተላልፍ ለሚችለው ከፍተኛ መጠን ያካፍሉታል። ላዕሉ የትራፊክ መጠን ነው፤ ታሕቱ የመንገዱ አቅም። ውጤቱ 0.5 ቢሆን መንገዱ የአቅሙን ግማሽ ተሸክሟል ማለት ነው፤ ወደ 1 በተጠጋ ቁጥር ደግሞ መንገዱ ሞልቷል፤ “ይስፋ” ይባላል። “ይስፋ” በተባለ ጊዜ ቤት ይፈርሳል፣ ዛፍ ይቆረጣል፣ ብድር ይፈረማል፣ የልጅ ልጅ የሚከፍለው ዕዳ ይገባል። ይህን ሁሉ የምታስወስን ማካፈል እንዴት እንደተወለደችና የት የት እንደመራችን ማወቅ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። (በጽሑፉ ውስጥ “እ.ኤ.አ.” ያልኩት የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ “ዓ.ም.” ያልኩት የራሳችን ነው።)

የስሌቱ አወላለድ

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ብሩስ ግሪንሺልድስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በኦሃዮ ግዛት መንገዶች ዳር የፊልም ካሜራ ተክሎ የሚያልፉትን መኪኖች ማንሣት ጀመረ። ምስሎቹን እየቆጠረ የመኪኖቹን ፍጥነትና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለካ። እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመው ጥናት ለትራፊክ ሳይንስ መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው።

ግኝቱ ለመረዳት ቀላል ነው። በመንገድ ላይ ያሉ መኪኖች እየበዙና እየተጠጋጉ በሄዱ ቁጥር ፍጥነታቸው ይቀንሳል። መንገዱ ባዶ ሲሆን በሰዓት የሚያልፈው መኪና ዜሮ ነው፤ መንገዱ እስከ መታፈን ሲሞላም የሚያልፈው ዜሮ ነው፤ ማንም አይንቀሳቀስምና። በሁለቱ ዜሮዎች መካከል ግን አንድ ጫፍ አለ፤ መንገዱ ከፍተኛውን ቁጥር የሚያስተላልፍበት ነጥብ። የመንገድ አቅም የሚባለው ይኸው ነው። ከዚህ ጫፍ በኋላ አንድ ተጨማሪ መኪና መንገዱን ከመጠቀም አልፎ መንገዱን ማጥፋት ይጀምራል፤ የገባው ሲበዛ የሚወጣው ያንሳል።

ከዚህ አንድ የሚያስገርም ነገር ይከተላል። ቆጣሪ በታፈነ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ቢቆጥር ጥቂት መኪና ብቻ ያገኛል። በወረቀት ላይ ሲታይ መንገዱ ገና ቦታ የተረፈው ይመስላል፤ በዓይን ሲታይ ግን መላወሻ የለውም። ስለዚህ የሚያልፈውን መቁጠርና ማለፍ የሚፈልገውን ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰልፉ ላይ የቆመውን፣ ሰልፉን አይቶ የተመለሰውን፣ ከነጭራሹ ከቤቱ ያልወጣውን ቆጣሪው አያየውም። ስሌቱ ገና ከውልደቱ ጀምሮ ዓይኑ የማይደርስበት ስፍራ ነበረው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ዕውቀት ወደ መመሪያነት ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ የመንገድ አቅም መመሪያ ታተመ። ብዙ መስመር ባለው መንገድ ላይ፣ ሁኔታው ሁሉ ሲመቻች፣ አንድ መስመር በሰዓት 2,000 የቤት መኪና ያስተላልፋል የሚለው ቁጥር በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው በዚህ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው እትም ቁጥሩ ለፈጣን መንገዶች እስከ 2,400 ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ሁለተኛው እትም ደግሞ ለመንገዶች እንደ ተማሪ ሰርተፍኬት በፊደል ውጤት መስጠት ጀመረ፤ ነጂው እንዳሻው የሚጋልብበት መንገድ “ኤ”፣ የታፈነው “ኤፍ”። ውጤቱ የሚሰጠው ግን በማን ዓይን ታይቶ ነው? መሪ በጨበጠው ሰው ዓይን ነው። መንገዱን ለመሻገር የምትጠብቀው እናት፣ መንገዱ ዳር ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ በአውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚሄደው ሠራተኛ በዚያ ሰርተፍኬት ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። ለእግረኞች የተለየ ምዕራፍ የተጨመረው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ዋናው ውሳኔ የሚሰጥበት ቁጥር ያው የመኪናው ሆኖ ቀረ።

የመመሪያው አሳታሚና አዲስ አበባ

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ደጃፍ ይመጣል። የ1950ውን መመሪያ በማዘጋጀቱ ግንባር ቀደም የነበረውና ያሳተመው የአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ነው። በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ለኢትዮጵያ መንገዶች የዋለ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠሩት አውራ ጎዳናዎች ጠጋኝ አጥተው እየፈራረሱ ነበርና ገንዘቡ በወቅቱ የመጣ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን የመሩት ከዚሁ ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። የመንገድ መሥሪያ ቤታችን መኪና መቁጠርን የተማረው፣ እንግዲህ፣ ስሌቱን ለዓለም ካስተማረው መሥሪያ ቤት ነው።

ይህን ስል ነቀፌታ ለመወርወር አይደለም። ያን ጊዜ ሥራው ጅማን፣ ደሴን፣ ጎንደርንና አሥመራን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኙ ጎዳናዎችን ማዳን ነበር። በሁለት ከተሞች መካከል ቡና፣ ጨውና እህል የጫኑ መኪኖች ለሚመላለሱበት መንገድ መኪናን መቁጠር ተገቢ ነው። ባለሥልጣኑ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ባወጣቸው የትራፊክ ቆጠራ ሰንጠረዦች ላይ “ላንድሮቨር” ራሱን የቻለ አንድ ረድፍ ነበረው፤ የገጠሩን ዳገት ማን ይወጣው እንደነበር የሚያስታውስ ደግ ቅርስ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለአውራ ጎዳና የተሰፋው ልብስ ለከተማ ሲለበስ ነው። ከተማ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላ ጫፍ የሚታለፍበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት ነው።

ታሕቱን ማሳደድ

ማካፈልን የተማረ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ክፍልፋይ እንዲያንስ ከተፈለገ ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ላዕሉን መቀነስ፣ ወይ ታሕቱን ማሳደግ። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ከተሞች ታሪክ ባመዛኙ ታሕቱን የማሳደግ ታሪክ ነው። መንገድ ማስፋት የሚታይ ሥራ ነው፤ ሪባን ይቆረጥበታል፣ ፎቶግራፍ ይነሡበታል። በኒው ዮርክ ሳይመረጥ ለአሥርት ዓመታት የገዛው ሮበርት ሞዘስ እ.ኤ.አ. በ1936 የትራይቦሮን ድልድይ፣ በ1939 የብሮንክስ-ዋይትስቶንን ድልድይ፣ ከዚያም ሌሎቹን እያከታተለ አስመረቀ። አዲሱ ድልድይ የአሮጌውን ሸክም ያቃልላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። አዲሱም ሞላ፤ አሮጌውም እንደሞላ ቀረ። የሞዘስን የሕይወት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ሮበርት ካሮ ይህንኑ በዝርዝር ተርኮታል።

ለምን? መልሱን እ.ኤ.አ. በ1962 አንቶኒ ዳውንስ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በአጭሩ ሰጠ። በከተማ ውስጥ ፈጣን መንገድ ሲሰፋ ከሦስት አቅጣጫ አዲስ ሰው ይመጣበታል። በሌላ መንገድ ይሄድ የነበረው ወደዚህ ይዞራል፤ ጭንቅንቁን ሸሽቶ ማልዶ ይወጣ የነበረው ሰዓቱን ያስተካክላል፤ በባቡርና በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው መኪናውን ያስነሣል። እነዚህ ሦስቱ ተደምረው በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መንገዱን ወደ ቀድሞው መጨናነቅ ይመልሱታል። በግሪንሺልድስ ቆጣሪ ዓይን ያልታየው ሰው ይህ ነው፤ ሰልፉን አይቶ የተመለሰው፣ ሰልፉ ያጠረ ሲመስለው ተመልሶ ይሰለፋል።

ይህ የአንድ ሰው አስተያየት ሆኖ አልቀረም። በብሪታንያ መንግሥት የዋና መንገዶችን ምዘና እንዲመረምር ያቋቋመው አማካሪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1994 አዳዲስ መንገዶች አዲስ ትራፊክ እንደሚፈጥሩ በይፋ አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዱራንቶንና ተርነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአሜሪካ ከተሞችን መረጃ ፈትሸው በከተማ ውስጥ የፈጣን መንገድ ርዝመት በጨመረ ቁጥር በመኪና የሚነዳው ኪሎ ሜትርም በዚያው ልክ እንደሚጨምር አሳዩ። እንግዲህ ታሕቱን ስናሳድግ ላዕሉ አብሮ ያድጋል፤ ክፍልፋዩ ከነበረበት አይነቃነቅም። አበው እንዲህ ያለውን ድካም “ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ” ብለውታል።

ላዕሉን የነኩ ከተሞች

በአንጻሩ ላዕሉን ለመንካት የደፈሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 ኮሊን ቡካናን በብሪታንያ መንግሥት ጥያቄ ባዘጋጀው ስለ ከተማ ትራፊክ በሚናገር ዘገባው አንድ አዲስ ሐሳብ አነሣ። አንድ መንገድ ሁለት ዓይነት አቅም አለው፤ አንዱ መኪና የማስተላለፍ አቅሙ ነው፤ ሁለተኛው የአካባቢው አቅም ነው፤ ማለትም ኗሪው ሳይታወክ፣ ሕፃኑ ሳይገጭ፣ አነጋገር ሳይሰጥም መንገዱ ሊሸከም የሚችለው የመኪና ብዛት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ሊያንስ ይችላል። ቡካናን የመኪና ጠላት አልነበረም፤ በዚያው ዘገባ ትልልቅ የከተማ መንገዶችንም ደግፏል። ሆኖም “አቅም” የሚለው ቃል የመሐንዲሱ ብቻ እንዳልሆነ አስታወሰ።

ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1975 በጠዋቱ ሰዓት ወደ መሀል ከተማ የሚገባ መኪና እንዲከፍል አደረገች። ስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ2006 ለሰባት ወራት ክፍያውን ሞከረች። ከሙከራው በፊት ብዙው ሕዝብ ተቃዋሚ ነበር። የከተማዋን ዙሪያ ተሻግሮ የሚገባውና የሚወጣው ትራፊክ 20 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ግን አስተሳሰቡ ተለወጠ፤ በዚያው ዓመት መስከረም በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የከተማዋ ኗሪ በጠባብ ብልጫ ደገፈው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ቋሚ ሆነ። ከአምስት መኪኖች አንዱ ብቻ ሲቀር ሰልፉ የሚላላው በግሪንሺልድስ ምክንያት ነው፤ ከጫፉ ያለፈ መንገድ ጥቂት ሲቀንሱለት ብዙ ይተነፍሳል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የሴኡል ታሪክ ነው። በቼንግጌቼን ወንዝ ላይ ተከድኖ የተሠራውና ከላዩ በድልድይ የተነሣው ፈጣን መንገድ በቀን ከ100,000 በላይ ተሽከርካሪ ያስተናግድ ነበር። በማካፈሏ ሕግ ቢሆን መስፋት እንጂ መፍረስ የለበትም። በኋላ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ከንቲባ ሊ ሚዩንግ-ባክ እ.ኤ.አ. በ2003 አስፈረሱት፤ በ2004 የከተማዋ የአውቶቡስ አገልግሎት ከሥር መሠረቱ ተሻሻለ፤ በ2005 ወንዙ ለሕዝብ ተከፈተ። ይመጣል የተባለው መዓት አልመጣም። መንገዱ ሲጠፋ ከትራፊኩ ከፊሉ አብሮ ጠፋ፤ ዳውንስ የገለጸው ነገር ወደ ኋላም ይሠራል ማለት ነው።

አዲስ አበባ በስሌቱ ፊት

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ እንመለስና ስሌቱን በሰው እንሥራው። አንድ የመኪና መስመር ሁሉ ነገር ተመችቶት በሰዓት 2,000 መኪና አሳለፈ እንበል። በለጋስነት በእያንዳንዱ መኪና ሁለት ሰው ብናስቀምጥ 4,000 ሰው ነው። በዚያው መስመር 200 አውቶቡሶች እያንዳንዳቸው 60 ሰው ጭነው ቢያልፉ 12,000 ሰው ነው። በመሐንዲሱ ሰንጠረዥ አንድ አውቶቡስ የሚታሰበው እንደ ሁለት ወይም ሦስት የቤት መኪና ስለሆነ 200 አውቶቡሶች ከ400 እስከ 600 መኪና ይሆናሉ። ስለዚህ 4,000 ሰው ያሳለፈው መንገድ “ሙሉ” ይባላል፤ ሦስት እጥፍ ሰው ያሳለፈው ደግሞ ከሲሶ በታች የተያዘ፣ “ባዶ” መንገድ ይባላል። እግረኛው ደግሞ በዚህ ሰንጠረዥ ቦታ የለውም። ያው የአሜሪካኖቹ መመሪያ ስለ እግረኛ በሚናገርበት ምዕራፉ ግን አንድ ሜትር ስፋት ያለው የእግረኛ መንገድ በደቂቃ እስከ 75 ሰው ማሳለፍ እንደሚችል ይነግረናል፤ በሰዓት 4,500 ሰው መሆኑ ነው። ለአንድ መኪና መስመር ከሚሰጠው ስፋት ሲሶው እንኳ የማይሞላ ቦታ፣ በመኪና ከሞላው መስመር የሚበልጥ ሰው ያሳልፋል ማለት ነው።

ኗሪዋ በአብዛኛው በእግሩና በሕዝብ ማመላለሻ በሚጓዝባት አዲስ አበባ የዚህ ዝንጋታ ዋጋ ከባድ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተሠራውና ወደ 33 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የቀለበት መንገድ ለመኪና ፍሰት ተብሎ የታነጸ ነው። ሠፈሮችን ለሁለት ከፈለ፤ መሸጋገሪያ ድልድዮቹ ተራርቀው በመተከላቸው እግረኛው የመሀል አካፋዩን እየዘለለ ሕይወቱን አስያዘ። በከተማዋ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት መካከል አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው አይካድም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር፣ ሰውን ለመቁጠር የተደረገ ትልቅ ሙከራ ነበር ሊባል ይችላል፤ 41 ባቡሮች ይዞ ተነሣ። ነገር ግን በመለዋወጫና በጥገና ችግር ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ቆሙ፤ አጥሩ ግን መንገዱን እንደከፈለ ቀረ። ሐዲድ መዘርጋት ታሕትን የማሳደግ ያህል ይታያል፤ ባቡር መጠገን ግን ሪባን የለውም።

ስለ መስቀለኛ መንገዶችም አንድ ቃል። በከተማ ውስጥ አቅምን የሚወስነው የመንገዱ ስፋት ሳይሆን መገናኛው ነው። በትራፊክ መብራት ላይ አንድ መስመር አረንጓዴው ሰዓቱን ሙሉ ቢበራለት በሰዓት 1,900 መኪና ገደማ ያሳልፋል፤ አረንጓዴው ግማሹን ሰዓት ብቻ ከሆነ 950 ነው። በሁለት መብራቶች መካከል ያለውን መንገድ ሁለት እጥፍ ብናሰፋው፣ መብራቱ ጋ ያለው እስካልተለወጠ ድረስ ያተረፍነው የሰልፍ መቆሚያ ብቻ ነው። ቤት አፍርሶ መቆሚያ መሥራት!

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዚህ ረገድ ድርብ ገጽታ አለው። ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችንና የብስክሌት መስመሮችን ይዞ መምጣቱ ለረጅም ዘመን ያልተቆጠረው ሰው መቆጠር የመጀመሩ ምልክት ነውና ምስጋና ይገባዋል። በሌላ በኩል ፒያሳን ከመሰሉ አንጋፋ ሠፈሮች በርካታ ኗሪዎችና ነጋዴዎች ተነሥተዋል። ከሥራው ቀርቦ በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲሄድ በማግስቱ ጠዋት በታክሲ ሰልፍ ላይ ይገኛል። ያማረውን የእግረኛ መንገድ የሠራው እጅ እግረኛውን ተሳፋሪ አደረገው፤ ላዕሉ በሌላ በር ጨመረ።

ተቃውሞውና መልሱ

“አዲስ አበባ ኒው ዮርክ ወይም ስቶክሆልም አይደለችም፤ ገና በቂ መንገድ የላትም፤ አምቡላንስ የሚያልፍበት፣ ጭነት የሚራገፍበት መንገድ ያስፈልጋታል” የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። መንገድ አይሠራ የሚል ክርክር የለኝም። መኪና ባልደረሰበት ሠፈር የሚገባ የመጀመሪያ መንገድና በሞላ ጎዳና ላይ የሚጨመር ስድስተኛ መስመር አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሰውን ከሐኪም ጋር ያገናኛል፤ ሁለተኛው ሰልፉን ያሰፋል። ክፍያም ቢሆን አስተማማኝ አውቶቡስ ሳይኖር ቢጣል ሌላ ግፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉም ለአየሩና ለውጭ ምንዛሪው ሊጠቅም ይችላል፤ በመንገዱ ላይ ግን የኤሌክትሪክ መኪና የሚይዘው ቦታ ከቤንዚኑ አንድ ስንዝር አያንስም።

ይህን ጽሑፍ ከምናነበው መካከል ብዙዎቻችን በቆጠራው ውስጥ የምንገባ ነን፤ ወይ መኪና አለን፣ ወይ ለመግዛት እያጠራቀምን ነው። ስለዚህ ስሌቱ ሲያዳላ ለእኛ እንደሚያዳላ ማወቅ ይገባናል። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አንድ መንገድ ይስፋ ከመባሉ በፊት በዚያ መንገድ በሰዓት ስንት መኪና ብቻ ሳይሆን ስንት ሰው፣ በምን ሁኔታ እንደሚያልፍ ተቆጥሮ ለሕዝብ ይገለጽ። መስፋቱ ስንት ሰው እንደሚያነሣና የተነሣው ሰው ከየት ወደ የት እንደሚመላለስ አብሮ ይሰላ። ከአምስት ዓመት በኋላም ተመልሶ ይቆጠርና ትንበያው ከእውነታው ጋር ይተያይ። ይህን ለማድረግ ብድር አያስፈልግም፤ እርሳስና ወረቀት የያዙ ጥቂት ወጣቶች በየመንገዱ ዳር ቢቆሙ ይበቃል።

ያን ጊዜ ከማለዳ ጀምሮ ከየካ እስከ መርካቶ በእግሯ የምትወርደው ሠራተኛ በዚህ መንግሥት መዝገብ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ተብላ ትቆጠራለች። ያልተቆጠረ ሰው መንገድ አይሠራለትም።